ማሪያኖ ፎርቱኒ፦ ከግራናዳ ግምጃ እስከ ቬኒስ ሽንሽን ቀሚስ

ማሪያኖ ፎርቱኒ ኢ ማድራዞ እ.ኤ.አ. ሜይ 11 ቀን 1871 በስፔን ግራናዳ ከተማ ሲወለድ፣ ከተማይቱ ከመጨረሻው ሙስሊም ገዥዋ እጅ ከወጣች 379 ዓመታት ተቆጥረው ነበር። ቤተሰቡ ያረፈበት ማደሪያ ከአልሐምራ ቤተ መንግሥት አጠገብ ነበር። የናስሪድ ሱልጣኖች ከአላህ በቀር አሸናፊ እንደሌለ የሚመሰክረውን ቃላቸውን ደጋግመው ያስጻፉባቸው ግድግዳዎች ለሕፃኑ የመጀመሪያ ጎረቤቶቹ ሆኑ ማለት ነው። ይህ ልጅ አድጎ በሃያኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ አልባሳት ታሪክ ውስጥ ከማንም ጋር የማይመሳሰል ስፍራ ያዘ። የሠራቸው ጨርቆች ዛሬ በታላላቅ ቤተ መዘክሮች በመስታወት ውስጥ ተቀምጠዋል፤ አንዱ ቀሚሱ ደግሞ ከመቶ ዓመት በኋላም አሠራሩ ያከራክራል።

አባቱም ስሙ ማሪያኖ ፎርቱኒ ነው። በካታሎንያ ሬውስ ከተማ የተወለደው አባት በዘመኑ ከስፔን ሠዓሊዎች ሁሉ ስሙ የገነነ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1860 ስፔን ከሞሮኮ ጋር ስትዋጋ የባርሴሎና ባለሥልጣናት ጦርነቱን በሥዕል እንዲያስቀር ወደ ቴቱዋን ላኩት። ወጣቱ የሄደው የጦር ሜዳ ሊስል ነበር፤ ልቡን የወሰደው ግን ሌላ ነገር ሆነ። የሞሮኮ ብርሃን፣ የሰዎቹ ቡርኑስና ጀላቢያ፣ የመሣሪያዎቹ ንቅስ፣ የሸክላው ቀለም ከዐይኑ አልወጣ አለ። ከዚያ ወዲህ ሰብሳቢ ሆነ። የአንዳሉስ የሸክላ ዕቃ፣ ሰይፍ፣ ምንጣፍና ከሁሉ በላይ ጨርቅ ያገኘበት ሁሉ ይገዛ ጀመር። ልጁ በተወለደበት ዓመት ከግራናዳ ብዙ በማይርቅ ሳላር በተባለ መንደር፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የጠበል ገንዳ ተሸክሞ የቆመ ትልቅ የናስሪድ እንስራ አግኝቶ ገዛ። መቆሚያውንም በነሐስ ራሱ ሠራለት። ዛሬ ይህ እንስራ በሴንት ፒተርስበርግ ሄርሚታዥ ቤተ መዘክር ውስጥ በፎርቱኒ ስም ይጠራል። ሸክላ ሠሪው የማን ልጅ እንደነበር ግን የሚናገር ጽሑፍ የለበትም።

አባትየው እ.ኤ.አ. በ1874 ሮም ላይ በ36 ዓመቱ አረፈ። ልጁ የሦስት ዓመት ሕፃን ነበር። አብዛኛው ስብስብ በተከታዩ ዓመት ፓሪስ ውስጥ በሐራጅ ተሸጠ። እናቱ ሴሲሊያ ዴ ማድራዞ፣ የማድሪዱ ፕራዶ ቤተ መዘክር ዳይሬክተር የነበረው የፌዴሪኮ ዴ ማድራዞ ልጅ ነበረች፤ ከጨርቆቹ የቻለችውን ያህል አስቀርታ ሁለት ልጆቿን ይዛ ፓሪስ ገባች። በ1889 ቤተሰቡ ወደ ቬኒስ ተዛወረ። ለዚህ ከሚነገሩት ምክንያቶች አንዱ ልጁ ፈረስ ሲቀርበው ትንፋሹ የሚያጥር መሆኑ ነው። ፈረስና ሠረገላ ከማይታይባት የውኃ ከተማ የተሻለ መጠጊያ ሊገኝለት አይችልም ነበር።

ቬኒስ ለዚህ ቤተሰብ እንግዳ አገር አልነበረችም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህች ከተማ ለብዙ መቶ ዓመታት ከእስክንድርያ፣ ከደማስቆና ከኢስታንቡል ጋር በሐር፣ በቅመምና በቀለም ስትነግድ ኖራለች። የምሥራቁ ጥለት በጣሊያን ሸማኔዎች እጅ ተገልብጦ በከፋይ ላይ ሲሠራ ቆይቷል። አንዳንዶቹ ሸማኔዎች የዐረብኛን ፊደል ማንበብ ስለማይችሉ ቅርጹን ብቻ እየኮረጁ ትርጉም የሌለው መስመር በጨርቁ ጠርዝ ላይ ይሸምኑ ነበር። የሴሲሊያ ሣጥኖች ሲከፈቱ የሚወጣውም እንዲህ ያለ ድርና ማግ ነበር፤ እውነተኛውም ቅጂውም ጎን ለጎን። ወጣቱ ፎርቱኒ ያደገው እነዚህን ጨርቆች በእጁ እየዳሰሰ ነው። በቤተ መዘክር መስታወት ውስጥ ጨርቅ አይቶ የሚማር ሰው ቀለሙን ያውቅ ይሆናል። ክብደቱንና አወዳደቁን የሚያውቀው ግን የነካው ብቻ ነው።

የሚገርመው ፎርቱኒ ወደ አልባሳት ሥራ የገባው በቲያትር በር መሆኑ ነው። በ1892 ወደ ጀርመኗ ባይሮይት ሄዶ የዋግነርን ኦፔራ ካየ በኋላ መድረክ አባዜ ሆነበት። በዚያ ዘመን የመድረክ ሰማይ በሸራ ላይ የተቀባ ሥዕል ነበር፤ መብራቱም ፊት ለፊት ያንጸባርቅና የተዋናዩን ጥላ በዚያው ሰማይ ላይ ይጥለዋል። ፎርቱኒ መብራቱ በቀጥታ ወደ መድረክ እንዳይወርድ አደረገ። ብርሃኑን በመጀመሪያ ቀለም ባለው ጨርቅ ላይ አሳርፎ፣ ከዚያ ነጥሮ ሲመለስ ተጠቀመበት። ከመድረኩ በስተኋላ ደግሞ እንደ ሩብ ሉል የጎበጠ ከጨርቅ የተሠራ ጉልላት አቆመ። ተመልካቹ ማእዘንም ስፌትም የሌለው ሰማይ፣ ንጋትና ማታ ሲፈራረቁበት አየ። የአሠራሩን የባለቤትነት መብት በ1901 ፓሪስ ላይ አስመዘገበ፤ ኋላም ታዋቂው የበርሊን የኤሌክትሪክ ኩባንያ አ.ኤ.ጌ. ሥራውን በጀርመን ቲያትሮች አስፋፋው። በሚላኖ ላ ስካላ ቲያትር በ1900 መጨረሻ ለቀረበው የዋግነር ትሪስታንና ኢዞልዴ ትዕይንቱን የነደፈውም እሱ ነው።

በ1906 የቤያርን ባላባት ሴት በፓሪስ ቤቷ ባሠራችው የግል ቲያትር ውስጥ ጉልላቱ ሲተከል፣ በመድረኩ ላይ የሚጨፍሩት ሴቶች ረዥም የሐር ኩታ ለብሰው ወጡ። ክኖሶስ የተባለው ይህ ኩታ ከአራት ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ያልተቆረጠና ያልተሰፋ አራት ማእዘን ጨርቅ ሲሆን፣ በላዩ የታተሙት ምስሎች በዚያ ሰሞን በቀርጤስ ደሴት ከሚቆፈረው ጥንታዊ ቤተ መንግሥት የተወሰዱ ነበሩ። መጠቅለያው፣ ማጣፊያው፣ መጣያው ሁሉ ለለባሿ የተተወ ነው። ፎርቱኒ ከዚህ በኋላ ከጨርቅ አልተመለሰም።

እዚህ ላይ የሄንሪዬት ኔግሪን ታሪክ ይጀምራል፤ በትክክል ከተነገረ ደግሞ ቀደም ብሎ መጀመር ነበረበት። በ1877 ፈረንሳይ ፎንቴንብሎ የተወለደችው ሄንሪዬት ከፎርቱኒ ጋር የተዋወቀችው ፓሪስ ውስጥ ነው። ቀድሞ ትዳር የነበራት ሴት ናት። በ1902 ወደ ቬኒስ መጥታ አብራው መኖር ስትጀምር እናቱና እህቱ ፊት ነሷት፤ ጋብቻቸውም የተፈጸመው ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1924 ነው። ፎርቱኒ በሳን ቤኔቶ ሰፈር የሚገኘውን ፓላትሶ ፔሳሮ ኦርፌይ የተባለ ትልቅ የጎቲክ ሕንፃ በመጀመሪያ አንድ ሰፊ ክፍል፣ ቀስ በቀስም ሌላውን እየተከራየና እየገዛ ይዞት ነበር። ሕንፃው ያኔ ተከፋፍሎ ብዙ ጭሰኛ የታጨቀበት፣ ግድግዳው የተጎሳቆለ ቤት ነበር። ሁለቱ በዚያ ውስጥ የማቅለሚያና የማተሚያ ክፍል አቋቋሙ። ሄንሪዬት ቀለሙን ትበጠብጣለች፣ የማተሚያ ቅርጾቹን ትሞክራለች፣ ስፌቱን ትቆጣጠራለች፣ ሠራተኞቹን ታስተምራለች። ሥራው ሲስፋፋ በዚያ ቤት ውስጥ መቶ ገደማ ሠራተኞች ተሰማርተው ነበር፤ አብዛኞቹም ሴቶች ናቸው።

ከዚህ ቤት በ1907 አካባቢ ዴልፎስ የተባለው ቀሚስ ወጣ። ስሙን ያገኘው በ1896 በግሪክ ዴልፊ ከመሬት ከተቆፈረው የሠረገላ ነጂ የነሐስ ሐውልት ነው። የሐውልቱ ልብስ ከወገቡ እስከ እግሩ በቀጥታ እንደሚወርድ ሁሉ፣ ዴልፎስም ከትከሻ እስከ መሬት በመቶዎች በሚቆጠሩ ጥቃቅን ሽንሽኖች ይወርዳል። አራት ወይም አምስት ክንድ አልባ የሐር ስፋቶች ጎን ለጎን ተሰፍተው፣ ሲሸነሸኑ ጠበው እንደ ቱቦ ይሆናሉ። በጎኑ በቀጭን ገመድ የተሰካ የሙራኖ ብርጭቆ ዶቃ ይሰለፍበታል። ዶቃው ጌጥ ብቻ አይደለም፤ እጅግ ቀላል የሆነውን ሐር ወደ ታች የሚስበው ክብደት እሱ ነው። ቀሚሱ ሲሸጥ እንደ ልቃቂት ተጠምዝዞና ተጠቅልሎ በትንሽ ክብ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ውኃ ከነካው ግን ሽንሽኑ ይፈታል፤ ያኔ ባለቤቲቱ ወደ ቬኒስ መልሳ ትልከውና እንደገና ተሸንሽኖ ይመጣላታል።

የዚያን ዘመን አውሮፓዊት ሴት ወገቧን በኮርሴት ጨምቃ እስትንፋሷ እስኪያጥር የምትታሰርበት ጊዜ ነበር። ዴልፎስ ከውስጡ አጥንትም ሽቦም የለበትም፤ አካልን ተከትሎ ይሄዳል እንጂ አካልን አይቀርጽም። በዚህም የተነሣ መጀመሪያ ላይ በቤት ውስጥ ሻይ ሲጠጣ የሚለበስ እንጂ ወደ አደባባይ የሚወጡበት ልብስ ተደርጎ አልታየም። ዳንሰኛዋ ኢዛዶራ ደንከንና ተዋናይቱ ኤሊኦኖራ ዱዜ ከቀደምት ለባሾቹ መካከል ናቸው። ወደ ውጭ ሲወጣ በላዩ የሚደረብ ይፈልግ ነበርና ፎርቱኒ ለዚህ የከፋይ ካባዎች ሠራ። የካባዎቹን አቆራረጥ የወሰደው ከዐባያ፣ ከቡርኑስ፣ ከጀላቢያና ከካፍታን ነው። ሰፊና ቀጥ ያሉ፣ ከትከሻ የሚንጠለጠሉ፣ ገላን የማይገልጡ ልብሶች ናቸው። በፓሪስ ሳሎኖች አዲስ ግኝት ተብሎ የተደነቀው አቆራረጥ በፌዝና በደማስቆ ገበያ የዕለት ተዕለት ልብስ መሆኑን ያነሣ ሰው ግን ብዙም አልነበረም።

የባለቤትነት መብቱ ሰነድ በ1909 ፓሪስ ውስጥ ተመዘገበ። አመልካቹ ማሪያኖ ፎርቱኒ ነው። በእጁ በቀረው ቅጂ ጠርዝ ላይ ግን ፎርቱኒ በራሱ ጽሕፈት አንድ ማስታወሻ አኖረ። መብቱ የሄንሪዬት እንደሆነ፣ የቀሚሱ ፈጣሪም እሷ እንደሆነች፣ በእሱ ስም የተመዘገበው ጊዜ ስላጠረ ብቻ እንደሆነ ገልጿል። ማስታወሻው ከቤቱ ወጥቶ ሕዝብ ጆሮ የደረሰው ሁለቱም ካለፉ በኋላ ነው። በሕይወት ሳሉ ፋሽን ጋዜጦች፣ ደንበኞችና ጸሐፊዎች ሁሉ ቀሚሱን የሚጠሩት በአንድ ስም ብቻ ነበር።

ጉዳዩን ከአንድ ባልና ሚስት ጓዳ አውጥቶ ማየት ይቻላል። በጥንታዊው የሙስሊም ዓለም ጢራዝ የሚባል የተከበረ የጨርቅ ሥራ ነበር። በቤተ መንግሥት ቁጥጥር ሥር በነበሩ የሽመና ቤቶች የሚሠራው ይህ ጨርቅ በጠርዙ ላይ ጽሑፍ ይሸመንበታል። የኸሊፋው ስም፣ ዱዓው፣ አንዳንዴም የሚኒስትሩ ስም፣ የተሸመነበት ከተማና ዓመተ ሂጅራው ሁሉ በሐር ክር ተጽፎ ይገኛል። እጁን በመወርወሪያው ላይ ያደረገው ሸማኔ ስም ግን ከስንት አንዴ ቢገኝ ነው። ፎርቱኒ በከፋይ ላይ በወርቅና በብር ቀለም መልሶ ያተማቸው የአንዳሉስና የኦቶማን ጥለቶች የእነዚህ ስም የለሽ ሰዎች ርስት ናቸው። ከስንት ቅጂ በኋላ ነው ከእሱ ዘንድ የደረሱት። እሱም በተራው የራሱን ስም አተመባቸው። በጠርዙ ላይ ያኖረው የሄንሪዬት ማስታወሻ ክብደት የሚያገኘው ከዚህ አንጻር ሲታይ ነው። በዚህ ረዥም ልማድ ውስጥ አንድ ጌታ ብዕር አንሥቶ የሠራተኛይቱን ስም ጻፈ፤ ያውም በግል ወረቀት ላይ፣ በመዝገቡ ላይ ሳይሆን።

በፍርድ ሚዛናዊ ለመሆን፣ ፎርቱኒ ምሥራቁን የያዘበት መንገድ ከብዙ ዘመዶቹ ይሻላል። በ1911 የፓሪሱ ልብስ ነዳፊ ፖል ፑዋሬ ከአንድ ሺህ አንድ ሌሊት በኋላ የሚመጣ ሌሊት ብሎ በሰየመው ድግስ ራሱን ሱልጣን አስመስሎ፣ እንግዶቹን በሱሪና በጥምጥም አሰልፎ ከተማውን አስደንቋል። ያ ጨዋታ ነበር። ፎርቱኒ ግን ጥለቱን ቁጭ ብሎ ያጠና ሰው ነው፤ በሽመና የተገኘን መልክ በህትመት እንዴት ማግኘት እንደሚቻል ዓመታት ፈጅቶ መረመረ። በ1910 ያስመዘገበው የህትመት ዘዴ በስቴንስል ቀለም በቀለም እየደራረቡ፣ የብረት ዱቄት ከማጣበቂያ ጋር እየለወሱ የሚሠራበት ነው። ቀለሙ ሆን ተብሎ ወጣ ገባ ይደረጋል፤ ጨርቁ ገና ከማተሚያው ሲወጣ ሁለት መቶ ዓመት የኖረ ይመስላል። የጃፓን ማተሚያ ቅርጾችንም አጥንቷል። ሁለት አንድ ዓይነት ቁራጭ ከቤቱ አይወጣም ነበር።

ጸሐፊው ማርሴል ፕሩስት ይህን ሁሉ ገና ከሩቅ ተረድቶታል። በ1916 የፎርቱኒ አጎት የሬይሙንዶ ዴ ማድራዞ ባለቤት ለነበረችው ማሪያ ሐን ደብዳቤ እየጻፈ ስለ ጨርቆቹ ጥለትና ምንጭ ዝርዝር ጠየቃት። ከሞተ በኋላ በ1923 በታተመው የታላቅ ልቦለዱ ክፍል ውስጥ አልበርቲን የተባለችው ገጸ ባሕርይ የፎርቱኒን ልብስ ትለብሳለች፤ የዐረብ ጌጥ የተላበሰው ጨርቅ ለተራኪው ያላያትን ቬኒስን ያስናፍቀዋል። ከዚያ ወዲህ የነዳፊው ስም በሥነ ጽሑፍ ተማሪዎችም ዘንድ ይታወቃል።

ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ፎርቱኒ በ1919 ከባለ ወፍጮው ጃንካርሎ ስቱኪ ጋር ኩባንያ መሠረተ። በጁዴካ ደሴት፣ ከትልቁ የስቱኪ ወፍጮ ጎን፣ ቀድሞ ገዳም በነበረ ቦታ ላይ ፋብሪካ ቆመ። ሐርና ከፋዩ በፓላትሶው ሲቀጥል፣ ፋብሪካው ለመጋረጃና ለግድግዳ የሚሆን የታተመ ጥጥ ማምረት ጀመረ። የግብፅ ረዥም ክር ጥጥ በቬኒስ ቀለም ተነክሮ የአውሮፓ ቤተ መንግሥቶችን ግድግዳ አለበሰ። ፎርቱኒ ማሽኖቹን ራሱ ነድፏል፤ የማተሚያ ክፍሉ እስከ ዛሬ ለእንግዳ ዝግ ነው።

የ1930ዎቹ ዓመታት አልቀናቸውም። የዓለም የኢኮኖሚ ቀውስ ገበያውን ገደለው። የሙሶሎኒ መንግሥት አገሪቱ ራሷን ትቻል ብሎ ከውጭ በሚገቡ ዕቃዎች ላይ የጣለው ገደብ ደግሞ ጥሬ ዕቃውን አሳጣቸው፤ ያለ ባሕር ማዶ ሐርና ጥጥ ሥራው የሚታሰብ አልነበረም። ኩባንያውን ከመዘጋት ካዳኑት መካከል አሜሪካዊቷ የቤት ውስጥ አስዋቢ ኤልሲ ማክኒል ትገኝበታለች። በ1920ዎቹ መጨረሻ ጨርቆቹን አይታ ቬኒስ ድረስ በመምጣት የሽያጭ ውክልና ጠይቃ፣ በኒው ዮርክ ማዲሰን ጎዳና ሱቅ ከፈተች። ፎርቱኒ በዚህ ሁሉ መካከል መሳሉን፣ ፎቶግራፍ ማንሣቱን አላቆመም። ከአሥር ሺህ የሚበልጥ የፎቶግራፍ ቅጂ ትቶ አልፏል።

ማሪያኖ ፎርቱኒ እ.ኤ.አ. በሜይ 1949 በቬኒስ ቤቱ አረፈ። አባቱ ባረፈበት በሮም ቬራኖ መካነ መቃብር ተቀበረ። ከሃያ የሚበልጡ የፈጠራ መብቶች በስሙ ተመዝግበው ነበር።

ሄንሪዬት ፋብሪካውን ለኤልሲ ሸጠች። ዴልፎስን ግን ለማንም አላስተላለፈችም፤ ሥራው እንዲቆም አደረገች። በ1909ኙ ሰነድ ላይ የሚታየው ሥዕል ሐሩ በሚሞቁ የሸክላ ቱቦዎች መካከል ሲያልፍ ያሳያል። ይህ ሐሩ በአግድም የሚያገኘውን ሞገድ ያስረዳል እንጂ ከላይ እስከ ታች የሚወርደውን ጥቃቅን ሽንሽን አሠራር አይገልጥም። ያ ሽንሽን በእርጥቡ በእጅ የተያዘ ነው የሚሉ አሉ፤ የሞከሩትም ብዙዎች ናቸው። ጃፓናዊው ኢሴይ ሚያኬ በ1990ዎቹ ሽንሽን ልብሶችን ለዓለም ሲያዳርስ ፖሊስተርን መረጠ። ፖሊስተር በሙቀት የያዘውን ቅርጽ አይለቅም፤ ታጥቦም ይመለሳል። ሐር ግን እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም። በሐር ላይ ለዐሥርት ዓመታት የሚቆይ ሽንሽን ያሳረፈችው እጅ ዘዴውን ይዛው ሄዳለች።

ፓላትሶውን ሄንሪዬት በ1956 ለቬኒስ ከተማ አበረከተች፤ ዕድሜዋ እስኪፈጸም ግን እዚያው ኖረች። በ1965 አረፈች። ቤቱ ከአሥር ዓመት በኋላ ቤተ መዘክር ሆኖ ተከፈተ፤ በሩ ላይ የተጻፈው ስም ፓላትሶ ፎርቱኒ የሚል ነው።